የካሊሮይ ፊት

ሰው ፊቱን አንዴ ለሌላ ከሰጠ በኋላ መልሶ የራሱ ሊያደርገው ይችላል? ካህኑን ጠየቅኳቸው፤ «ጸልዪ» አሉኝ። ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ የደም ግፊቴን ለካ። መርማሪውን ስጠይቀው ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ተወው። እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም፤ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የባሌን መቃብር ላጸዳ ወጣሁ። ከዋዜማው ጀምሮ የሰሜኑ ነፋስ ደሴቷን ሲገርፋት አድሮ የመቃብሩን ቀንዲሎች ሁሉ አጥፍቷቸዋል። የባሌንም አጥፍቶታል። የዛፊራ ብቻ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር።

ዛፊራ ስል ሐውልቷን ማለቴ ነው። ልጅቷን ባሕር ከወሰዳት ቆይቷል። መንደራችን ቬርኒ የእብነ በረድ ጠራቢዎች መንደር ናት፤ እዚህ ሞቶ ድንጋይ ያልሆነ ሰው የለም። እንደ ዛፊራ የሆነ ግን አልነበረም። አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ፣ ሰው ልትጣራ እንደቃጣት ነው የቆመችው። ከወደብ እሷን ለማየት ብለው የሚወጡ ነበሩ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየን ብለው የሚምሉ ሴቶችም ነበሩ። ጣቶቿ ከመነካካት ብዛት ቢጫ ሆነዋል።

የዚያን ዕለት ቀና ብዬ ሳያት ፊት የላትም። ከጸጉሯ ሥር እስከ አገጯ ድረስ በቢላ እንደተቆረጠ አይብ ልሙጥ ነጭ ነው። ከእግሯ ሥር ደግሞ ሐውልቷን የጠረበው ባለሙያ፣ ማስትሮ ሊናርዶስ፣ በጎኑ ተኝቷል። ማጅራቱ ላይ ደም ደርቋል።

ጩኸቴን ገበያ ድረስ ሰማን ይላሉ። እኔ አልሰማሁትም።

መርማሪው ከሲሮስ ደሴት በከሰዓቱ መርከብ መጣ። ስታማቲስ ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን የመነኩሴ ነው። በመንደሩ ማረፊያ ስለሌለ ፎቅ ላይ ካሉኝ ክፍሎች አንዱን ሰጡት። እኔን ማን ጠየቀኝ? አልጋ አነጠፍኩ፣ ሾርባ ጣድኩ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ብቻ ሲሄድ ግን ጨነቀኝ። እግሩ የማይሰማ ፖሊስ ቤትህ ውስጥ ሲኖር እንቅልፍ የለም።

«እማማ ዛምቤታ፣ ሲያገኙት ምን ነኩ?» አለኝ፣ ዳቦውን ቆርሶ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ዓይኑን ከደንኩለት።»

«ይኼማ መንካት ነው።»

«ይኼ ክርስትና ነው፣ ልጄ።»

ፈገግ አለ። «ቀንዲሎቹንስ?»

«የባሌን አበራሁ። ጠፍቶ ነበር።»

«የዛፊራንስ?»

«የእሷማ አልጠፋም። መስታወት አለው እኮ። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

በላ። ከዚያ ከኪሱ ሰማያዊ ሻሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጠርዙ ቢጫ ነው። ከሐውልቱ ጀርባ የተገኘ ነው አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ መጋረጃዬን አየ። የመጋረጃው ጠርዝም ያው ቢጫ ነው፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ መርፌ የተሠራ።

«ቆንጆ ስፌት ነው» አለኝ በዝግታ። «የማን ነው ሻሹ፣ እማማ?»

ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። «የልጅ ልጄ የካሊሮይ ነው።»

ስለ ካሊሮይ መናገር ነበረብኝ፤ ካልነገርኩት ሌላ ሰው በራሱ አፍ ያጣፍጠዋል። እናቷ ስትሞት ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከዛፊራ ጋር አንድ ጡት የጠቡ ያህል አብረው አደጉ። ዛፊራ በሞተች ጊዜ እናቷ አኔዛ ሐውልት አዘዘች፤ ነገር ግን ከልጅቷ የቀረው ፎቶግራፍ ብዥ ያለ ነበር። ማስትሮ ሊናርዶስ እቤቴ መጥቶ «ቁመታቸው አንድ ነው፣ አጥንታቸው አንድ ነው፤ ካሊሮይን አውሺኝ» አለ። አዋስኩት። ካሊሮይን በጀርባዋ አስተኛት፣ አፍንጫዋ ውስጥ መተንፈሻ ሸምበቆ ሰክቶ ቅርጿን ሊወስድ ፊቷ ላይ ጄሶ አፈሰሰ። አጠገቧ ሆኜ እጇን ይዣት ነበር። ጄሶው ሲደርቅ እጇ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ጄሶው ተነሥቶ ፊቷን ስትታጠብ «አያቴ፣ ከበደኝ» አለች።

ሐውልቱ ከቆመ በኋላ የመንደሩ ሰው እሷን ሲያይ ማማተብ ጀመረ። ሱቅ ስትሄድ ሰልፉ ይከፈልላታል። የዛፊራ እጮኛ የነበረው ኒኪፎሮስ አጥራችን ሥር ቆሞ ያያታል። አኔዛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ጉንጯን ትዳስሳለች፤ በመጀመሪያ «ካሊሮይ» ትላት ነበር፣ ኋላ «ልጄ»፣ ኋላ ስሟን ወደ ዛፊራ ለወጠችው። ካሊሮይ ሳቅ ተወች። ከዚያ ወሬ ተወች። መስኮት ዳር ትቀመጥና ዝንብ ፊቷ ላይ ብታርፍ እንኳ አታባርርም። እኔ ነኝ በጨርቅ የማባርርላት። ስንት ጊዜ እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን እንደለካሁ እመቤታችን ታውቃለች።

መርማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ላይ ወጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ፣ ካሊሮይ?»

ዝም።

«መቃብሩ ጋ ሄደሻል?»

ዝም።

«ሊናርዶስ ጠላትሽ ነበር?»

ወንበሩ እንኳ አልተንቋቋም።

ሲወርድ ፊቱ ጠቁሯል። «እማማ፣ ሰው ካልተናገረ እኔ በምን እከላከልለታለሁ? ሌላ ነገር ካላገኘሁ በሰኞው መርከብ ወደ ሲሮስ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ድንጋይ ሰው ይገድላል?» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ልጄን ድንጋይ ማለቴ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

መርማሪው ሲበላ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማሰብ ልማድ አለው። በማታው እራት ላይ ዓሣውን እየገነጠለ እንዲህ አለ፦

«ፊቱን የቆረጠው ገዳዩ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ሟቹ ራሱ። ጢሙ ውስጥ፣ አፍንጫው ውስጥ፣ ምላሱ ላይ የድንጋይ ዱቄት ሞልቷል። ይህን የሚስበው የሚተነፍስ ሰው ነው። መጋዙም የራሱ ነው፤ ሰው ሁሉ በተኛበት በቀትሩ ሰዓት ቀስ ብሎ ጨርሶታል። የመቱት ኋላ ነው፣ በራሱ መዶሻ።» ዓሣውን ተወው። «የሕይወቱን ትልቁን ሥራ ለምን በመጋዝ ቆረጠ? የተቆረጠው ፊትስ የት ገባ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ዓሣውን ነው የምጠይቀው፣ እማማ። እርስዎማ የሻሽ ጠርዝ ይደብቃሉ።»

እሑድ ጠዋት ኒኪፎሮስን ወደ ወጥ ቤቴ አስጠራው። ልጁ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ በበዓል ልብሱ መጣ። መንደሩ ሁሉ እሱን ጠርጥሮታል፤ ከሊናርዶስ ጋር በጾም መግቢያ ላይ ሲደባደቡ አይተዋቸዋል።

«ዓርብ ሲሮስ ነበርኩ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «በከሰዓቱ መርከብ ሄጄ ቅዳሜ ተመለስኩ።»

«ጎበዝ» አለ መርማሪው። «ዋና ትችላለህ ማለት ነው።»

«ምን?»

«ዓርብ ነፋሱ መርከቡን አስሮት ነበር። እኔ ራሴ ሲሮስ ወደብ ላይ ቆሜ አክስቴን ስጠብቅ ውዬ፣ ሳትመጣ ነው የቀረችው።»

ኒኪፎሮስ እንደ ቲማቲም ቀላ። ከኪሱ ትንሽ ሣጥን አወጣና ከፈታት፤ ቀለበት ናት። ታች ወደብ ነበርኩ፣ አንጥረኛው ቤት፤ የዛፊራ አባት እንዳይሰማብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት አለ።

«ለማን ነው ቀለበቱ?»

ልጁ ጣሪያውን አየ። ካሊሮይ የምትቀመጠው ከዚያ በላይ ነው።

«ለዛፊራ» አለ።

ምን እንዳለ እሱም ኋላ ነው የገባው። «ለካሊሮይ ማለቴ ነው… ለካሊሮይ።»

መጥረጊያዬን አነሣሁ። «ውጣ! መቃብር አግባ! ከቤቴ ውጣልኝ!»

«እማማ፣ ገና አልጨረስኩም» አለ መርማሪው።

«እኔ ጨርሻለሁ!»

አንጥረኛው በስልክ ሲጠየቅ ልጁ ዓርብ ከቀትር እስከ ምሽት እሱ ቤት ሲያለቅስና ሲያማርጥ እንደዋለ አረጋገጠ። ስለዚህ ኒኪፎሮስ አይደለም። የቀረችው የኔዋ ናት።

ከቅዳሴ በፊት መርማሪው ወደ ዛፊራ ወላጆች ቤት ሲሄድ ሾርባ ይዤ ተከተልኩት። አኔዛ ታማለች ብለውኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምን እንደሚጠይቅ ልሰማ ነው። አኔዛ አልጋ ላይ ተደግፋ፣ የልጇን የጥሎሽ አንሶላ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከዳሩ ክር በክር እየመዘዘች ትፈትላለች። ነጭ ተልባ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥልፍ አለው። ግማሹ አልቋል።

«እንዲህ ስታደርግ ትረጋጋለች» አለ ባሏ ያኩሚስ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ዓርብስ?» አለ መርማሪው።

«ዓርብ ትኩሳት ነበራት። ከቀትር ጀምራ ከዚህ አልጋ አልወረደችም። አጠገቧ ነበርኩ፣ በእመቤታችን።»

አኔዛ እኔን አየች። «ዛፊራ ደህና ናት? ነፋሱ አልበረዳትም?»

«ካሊሮይ ደህና ናት» አልኳት።

«እንድትለብስ ንገሪያት።»

መርማሪው አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመነ፣ ጠጣ፣ አመስግኖ ወጣ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ተናደድኩበት፤ ውኃማ ቤቴም አለ።

ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ የካሊሮይን ሣጥን ከፈትኩ። ለሲሮስ መንገድ ሙቅ ልብስ ላዘጋጅላት ብዬ ነው፤ መቼም እስር ቤት ይቀዘቅዛል። ከሹራቦቹ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከበደኝ። ፎጣውን ገለጥኩት።

የልጅ ልጄ ከሣጥኑ ውስጥ አየችኝ።

ከንፈሯ ከፈት ያለ፣ ሊጣራ የቃጣው። ዘወር ብል ካሊሮይ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ በዚያው ፊት ታየኛለች። በሁለቱ መካከል ቆሜ የትኛዋ እንደምትተነፍስ ለአፍታ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«መለሰልኝ» አለች ካሊሮይ። ድምጿን ከሰማሁ መቆየቴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ማን?»

«ማስትሮ። ለመንኩት። ለዛፊራ ከራሷ ፎቶግራፍ ሌላ እሠራላታለሁ፣ የአንቺን ውሰጂ አለኝ። ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ስሄድ እያፏጨ ነበር።»

«በሕይወት ነበር?»

«እያፏጨ ነበር፣ አያቴ።»

«ይህን ለምን ለመርማሪው አትነግሪውም?»

«ፊቴን ይወስደዋል።» ከዚያ አፏ ተዘጋ፤ ያው ሆነች።

ማን ያምናታል? የሰውየውን ሥራ ይዛ፣ ሻሿን ጥላ፣ አፏን ዘግታ! ድንጋዩን አቅፌ ወረድኩና ዱቄት ማስቀመጫው በርሜል ውስጥ ቀበርኩት። ቀና ስል መርማሪው በካልሲው በሩ ላይ ቆሟል።

«እስከ ክርንዎ ዱቄት ነዎት፣ እማማ።»

«ብስኩት ልጋግር ነው።»

«በእሑድ?»

«እንግዳ አለብኝ!»

በርሜሉን አየ፣ እኔን አየ። ተቀመጠና ከኪሱ ትንሽ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት፤ ዘይት ላይ የምትንሳፈፍ የቀንዲል ቡሽ ናት፤ መሐሏ ላይ ግማሹ የነደደ ክር ተሰክቷል።

«እናቴ ስለ አባቴ ቀንዲል ስታበራ ነው ያደግኩት» አለኝ። «ማታ የተሞላ ብርጭቆ ቢበዛ እስከ ማግስቱ ማታ ይነዳል፣ ከዚያ አያልፍም። የሁሉም ጠፍቶ የዛፊራ ይበራ ነበር አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ ዘይቱ ገና ነበረው። ስለዚህ ዓርብ ማታ የሞላው ሰው አለ። ሐኪሙ ሊናርዶስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የወደቀው ይላል። ቀንዲሉ ከሬሳው በክንድ ርቀት ላይ ነው። እንግዲህ ያ ሰው ሬሳው አጠገብ ቆሞ ዘይት ቀዳ፣ ክር ተከለ፣ ክብሪት ጫረ፣ የመስታወቱን በር ዘጋ። አልጮኸም። ለማንም አልተናገረም።» ቡሿን በጣቱ ገፋ አደረጋት። «ገዳይ ይሸሻል። ይህቺ ግን ቀንዲል አበራች።»

«ይህቺ» ማለቱን ሰማሁ። ካሊሮይን ያለ መስሎኝ ነበር።

«ክሩን ይዩት» አለኝ።

እኛ ክር ከሱቅ ነው የምንገዛው፣ የጥጥ ነው። ይኼ ተልባ ነው። ነጩ መሐል አንዲት ቀይ ፈትል ተጠምዝዛለች።

ወዲያው አወቅኩት። አወቅኩትና ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወገን «ልጄ ነጻች!» አለ፣ ሌላው የአኔዛን እጅ አየ። አብረን ያሳደግን፣ አብረን የቀበርን ሴቶች ነን። መርማሪው ስም አልጠየቀኝም። ደግ ሰው ነው፤ ቀድሞ አውቆታል።

«አንሶላ ነው» ብቻ አልኩ።

አኔዛና ያኩሚስ መርማሪው አስጠርቷቸው ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እሷ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሸፍና፣ እንግድነት እንደተጠራች ሁሉ የሎሚ ማርማላታ ይዛ ነበር። ያኩሚስ ቡሿን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ።

«ትኩሳት ነበራት» አለ። «ትኩሳት…»

«አውቃለሁ፣ አባት» አለ መርማሪው። «እማማ አኔዛ፣ ዓርብ ማታ ቀንዲሉን ማን አበራ?»

አኔዛ መልስ ሳትሰጥ ደረጃው ተንቋቋ። ካሊሮይ ወረደች። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደች፣ ክንዷን አስገብታ ፊቱን አወጣችው፣ በጉርዷ ጠረገችው። ዱቄቱ ከከንፈሩ መሐል አልወጣም። አኔዛ ፊት አኖረችው።

«ይኼ እኔ ነኝ» አለች። «ዛፊራ አይደለችም። በግራ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ይዩት፤ የእናንተ በለስ ላይ ወጥቼ የወደቅኩ ጊዜ ነው። እርስዎ ነዎት ያሰሩልኝ።»

አኔዛ ድንጋዩን አየች። ከዚያ ልጅቷን። ጣቷን የድንጋዩ ቅንድብ ላይ አሳረፈችና ጠባሳውን አገኘችው።

«በመጋዝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ቀንዲሉን ላበራ ስወጣ ልጄን በመጋዝ… ፊት የላትም። እሱ ቁጭ ብሎ የተቆረጠበትን ያለሰልሳል፣ ያፏጫል። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ሌላ ልምታው ብዬም አላሰብኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሸ።» ጥያቄው ገረማት። «ዛፊራ ጨለማ ትፈራለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ዛምቤታ ታውቃለች። በጨለማ ትቻት ልሂድ?»

ያኩሚስ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም የማርማላታውን ብርጭቆ ከእጇ ወሰድኩ፤ ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም።

መርማሪው ጫማውን አደረገ። ሲነሡ አኔዛ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ካሊሮይ ጉንጭ ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ መልሳ ድንጋዩን ዳሰሰችው፣ ከንፈሩ መሐል የቀረውን ዱቄት በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ማን ያበራላታል?» አለችኝ በሩ ላይ።

«እኔ» አልኳት።

«ክሩ አልጋዬ ላይ ነው።»

ሰኞ መርከቡ በሰዓቱ መጣ፤ ነፋሱ ጋብ ብሏል። መርማሪው አኔዛን ይዞ በማለዳው ወርዷል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የዛፊራን ቀንዲል እጠርጋለሁ። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው፤ ላነሣው ድፍረት አጥቼ በዙሪያው ነበር ቁርስ ያቀረብኩት።

ካሊሮይ በእናቷ ካፖርት፣ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። መቼ እንዳዘጋጀችው አላውቅም።

«ወዴት ነው?» አልኳት። «ካሊሮይ? ሹራቡን ይዘሻል? ወደብ ላይ ይበርዳል። ማን ይቀበልሻል? ቢያንስ ዳቦውን ያዢ…»

ዳቦውን ተቀበለችኝ። ድንጋዩን አየችው፤ በሁለት እጇ አንሥታ በፊቱ ደፋችውና ጀርባውን ወደ ላይ አደረገችው። እኔን ሳመችኝ፤ ከንፈሯ ትኩስ ነበር። በሩን ስትከፍት የቀረው ነፋስ ገብቶ ፊቷን መታት። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋን ሸብሽባ፣ ፊቷን ሁሉ እንደ ሕፃን ልጅ ጨመደደችው።

በሩን ክፍት ትታ ወደ ወደቡ ወረደች።